አጥሚት ምግብ ነው ብለው

ስቶክሆልም፣ ኅዳር 1988

ሀሴትዬ፣ የካርዱን መርከብ አይተሽ አጎትሽ ሲንሸራሸር የከረመ እንዳይመስልሽ፤ የእናትሽን የሆስፒታል በር ስጠብቅ ነው የሰነበትኩት። በሁለት የኩላሊት እጥበት መካከል የሚጠራቀም ውሃ ልብና ሳንባን እንዴት እንደሚጎዳ የሚያጠኑት ሐኪም ባለፈው ሳምንት ሚዛን ላይ አቆሟትና ደነገጡ። «ውሃው ሳንባዋ ገብቷል! ምን ጠጣች?» አሉ። እናትሽ «ምንም!» አለች። ይኼኔ የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዋ እትዬ ተጂቱ ፔርሙሷን እንዳቀፈች «እኛ የሰጠናት አጥሚት ብቻ ነው፤ አጥሚት ደግሞ ምግብ እንጂ መጠጥ ነው እንዴ?» አትል መሰለሽ! ለካስ ጠያቂው ሁሉ በየተራ «በሞቴ» እያለ ሲያጠጣት ኖሯል። ባዶ እጃችንን አንመጣም ብለው ሊገድሏት ነበር እኮ!

አሁን በሩ ላይ ተቀምጬ የመጣውን ሁሉ እኔ እጠጣዋለሁ፤ ሱሪዬ አልቆለፍ ብሏል። እሷ ግን ትናንት ትንፋሽ ሳያጥራት፣ ትራስ ሳትደራርብ ተኝታ አደረች።

ቦታ አለቀብኝ። አባትሽንና ጎረቤቱን ሁሉ ሳሚልኝ። የአጥሚቱን ዱቄት ከአዲስ አበባ የምትልኪው አንቺ መሆንሽን ለሐኪሙ አልነገርኩም፤ ደግመሽ ከላክሽ ግን አጋልጥሻለሁ።

አጎትሽ ጉልላት