የማትወድቀው አዛዥ

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14

ውድ እታለም፣

እንደምን ነሽ? ለሁለቱ ደብዳቤዎቼ መልስ ሳትሰጪ ይኸው ሌላ ጻፍኩልሽ። እናንተ ያላችሁበት ምሽግ ድረስ ፖስታ አይገባም ይላሉ፤ እኔ ግን ስንፍናሽ ነው ብያለሁ። እማዬ ደህና ናት። ዜና ሲጀምር ቴሌቪዥኑን ታጠፋና ወዲያው መልሳ ትከፍተዋለች።

ስለ ሥራዬ ልንገርሽና ሳቂ። የምንሠራው የቪዲዮ ጌም ሊያልቅ ነው። ተጫዋቹ የሚገድላቸው ጠላቶች የትየለሌ ናቸው፤ ሽፍታው ወንድ፣ ዘበኛው ወንድ፣ ቀስተኛው ወንድ። ከመቃብር የሚነሳው አፅም እንኳን ወንድ ነው፤ በምን እንዳወቁት እንጃ። ሴቶቹ አንዲት ጠንቋይና አንዲት አሳሳች ንግሥት ብቻ ናቸው። ንግሥቲቱን የጦር ልብስ ብለው ያለበሷት ብረት ሆዷንና ጭኗን ትቶ ክርኗን ይሸፍናል። የት ላይ ትወጉኛላችሁ ብላ የምታማርጥ ነው የምትመስለው። ጠንቋይዋ ደግሞ ረግረግ ውስጥ የምትኖረው በባለ ተረከዝ ጫማ ነው።

ይህን ሁሉ ያፈለቀው አለቃችን ነው። «ሊቁ» ነው የምንለው፤ እሱ ሙገሳ መስሎት ደስ ይለዋል። ሴት ወታደር ለምን የለችም ብዬ ስጠይቀው፣ «ተጫዋቹ ሴት መግደል ይከብደዋል» አለኝ። አንጀቱ እንዴት ሩኅሩኅ ነው እባክሽ! ጠንቋይዋን በቀን ሺህ ጊዜ ሲያርዷት ግን ማንንም አልከበደውም።

ባለፈው ፈቃድ ስትመጪ ሳሎን ውስጥ ሶፋውን ገፍተን እንቅስቃሴሽን የቀረጽኩት ለዚህ ነበር። አሁን የጠላት ጦር አዛዥ ሆነሽ ገብተሻል። አካሄድሽ፣ ጋሻ አያያዝሽ፣ በር በትከሻ መክፈትሽ ሳይቀር አለ። ሊቁ አየና፣ «ይህቺ እኮ እንደ ወንድ ነው የምትራመደው» አለ። ሴት ስትራመድ ያየው ራሱ በሠራቸው ላይ ብቻ ነው መሰለኝ።

አንድ ነገር ግን ጎደለ። ፍራሽ አንጥፌ፣ «አሁን ተመትተሽ ውደቂ» ስልሽ፣ «ስወድቅ የምታየኝማ አንተ አይደለህም» ብለሽ ጫማሽን አጠለቅሽ። ስለዚህ አዛዧ አወዳደቅ የላትም። ተጫዋቹ ደጋግሞ ቢመታትም ቆማ ታየዋለች። ጌሙን የምትፈትሸው ልጅ፣ «ይህቺ ሴት አትሞትም» ብላ አመለከተች። ሊቁም መላ አመጣ፤ የንግሥቲቱን አሟሟት እንገጥምላታለን አለ። ንግሥቲቱ የምትሞተው እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ፣ ወገቧን ሰብቃ፣ ቀስ ብላ በመጋደም ነው። ፎቶ የምትነሳ እንጂ የምትሞት አትመስልም። ይህን ነው እንግዲህ አንቺ ላይ! «ካልሆነ እስከ ዓርብ ሌላ አምጣ፤ ያለዚያ አውጥተን ወንድ እንተካለን» አለኝ።

ራሴ ልወድቅልሽ ሞከርኩ። ፍራሹ ላይ ስፈጠፈጥ ዋልኩና አንዱ ጥሩ ወጣ። ያንን ወስጄ አንቺ ላይ አደረግኩት፤ አየሁት። ወዲያው አጠፋሁት። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ትናንት ያቀረብኩት ሌላ ነው። አዛዧ ስትሸነፍ ጋሻዋን ሳታወርድ፣ ጀርባዋን ሳትሰጥ፣ ወደ ኋላ እያለች በበሩ ትወጣለች።

ሊቁ ከት ብሎ ሳቀ። «ወዴት ነው የምትሄደው?»

«ቤቷ» አልኩት።

«ጠላት ደግሞ ቤቱ ይገባል እንዴ?»

«ትገባለች!» አልኩት። ሳላስበው ጮኼ ኖሮ ቢሮው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«እሺ በቃ፣ ትግባልህ» ብሎ ወደ ወንበሩ ተመለሰ። ገብቶት አይምሰልሽ፤ እንደዚያ ሆኜ ሲያየኝ ደንግጦ ነው።

ፈጣሪ ከጥይት ይሰውርሽ፤ እንደ ሊቁ ካለ ሰውም ይሰውርሽ። ሁለት መስመር ብቻ ጻፊልኝ፣ እታለም። ስድብም ቢሆን።

ታናሽ ወንድምሽ