ግድግዳውም ይገፋሃል

ውድ የልጄ እናት፣

ፊደሌ ቢንጋደድብሽ አትሳቂብኝ፤ በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ቀኙ በጀሶ ታስሯል። ወሬው ካለሽበት ቀድሞኝ ደርሶ እንደሆነም ከእኔ ስሚው።

ልጃችን፣ ባሏ አፍንጫዋን ከሰበራት ወዲህ እኔ ዘንድ ናት። ለተማሪዎቿ የምታስተምረውን መጀመሪያ በእኔ ላይ ትሞክረዋለች። ባለፈው «የንክኪ ኃይል» የሚሉትን ይዛ መጣች።

«አባዬ፣ እስቲ ግድግዳውን ግፋው።»

«ምን አደረገኝና?»

«ግፋው እንጂ! እሱም እኮ በገፋኸው ልክ መልሶ ይገፋሃል።»

«እኔን? በእጄ የገነባሁት ግድግዳ?»

ሳቀች። ከመጣች ወዲህ ስትስቅ ገና ማየቴ ነበር። «መነካካት ከሌለ ግን ግፊያውም የለም። እጅህን ስታነሳ ያበቃል» አለችኝ።

እሁድ ከጸሎት ስንመለስ ባሏ ተከትሎን መጣ። በሩን ገና እንደቀረቀርኩ በትከሻው ይደልቀው ጀመር። «አውጣት፣ አንተ ሽማግሌ! ሚስቴን አውጣት! ዛሬ ሁለታችሁንም አርዳችኋለሁ!» መቀርቀሪያው ተነቅሎ ወደቀ። እኔም ከውስጥ በጀርባዬ ገፋሁ። እሱ ይገፋል፣ እኔ እገፋለሁ፣ በሩ መሃላችን ቀጥ ብሏል። እግሬ ሲሚንቶው ላይ መንሸራተት ሲጀምር ልጅሽ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «አባዬ፣ ልቀቀው» አለችኝ።

ዘወር አልኩለት። የሚመክተው ያጣ ጉልበቱ ራሱን ይዞት ገባ፤ በፊቱ ወለሉ ላይ ተደፋ። ጥርሱ ሲረግፍ ሰማሁ። የያዘው ቢላዋ ከእጁ አምልጦ አልጋ ሥር ገባ።

እዚህ ላይ ማብቃት ነበረበት። እኔ ግን የግንበኛ መዶሻዬን አነሳሁ። ሲጸልይ የኖረው አፌ «ዛሬስ አልምርህም» አለ፤ አምላክ ይቅር ይበለኝ፣ ከልቤ ነበር። ጭንቅላቱን አይቼ ሰነዘርኩ።

አንቺ፣ ስናደድ በሁለት ጣት እጅጌዬን ትይዢው አልነበር? ሳብ እንኳ አታደርጊውም፤ ነካ ብቻ። ልጅሽም እንደዚያው ነካችኝ። መዶሻው ከጆሮው አጠገብ ሲሚንቶውን ፈለጠው። ሲሚንቶውም የእጄን አንጓ ሰበረው፤ በመታሁት ልክ መለሰልኝ። የሰውዬውን ጭንቅላት ብመታ ኖሮ ምን ይመልስልኝ እንደነበር አንቺው አስቢው።

ጎረቤቶች አስረው ለፖሊስ ሰጡት። ልጅሽ ዛሬ አፍንጫዋን በፕላስተር አሽጋ ልታስተምር ሄዳለች። በሩን እጄ እስኪድን በወንበር ደግፌዋለሁ። ወለሉን ግን አልደፍነውም። ስጸልይ ጉልበቴን የማሳርፈው እዚያ ስንጥቅ ላይ ነው። ይቆረቁረኛል፤ ይቆርቁረኝ።

ጣቶችሽ ዛሬም እጅጌው ላይ ያሉበት፣
ባልሽ