እጄን ዘግይቼ ያወጣሁበት ዕትም

ለማትጠገቢው እኅቴ፣ ለእታለሜ፦

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? እማዬ ዓይኗን ታከመች ወይስ ዛሬም ነገ እያለች ታታልልሻለች? ያ ቀልደኛ ባልሽስ እንዴት ነው? እኔ በአካሌ ደህና ነኝ፤ ልቤን ግን አትጠይቂኝ።

ስለ መጽሔታችን ጠይቀሽኝ ነበር። የመንግሥትም የባለሀብትም ደጅ የማንጠና፣ ለሠርቶ አደሩ ቆመናል የምንል ስድስት ሰዎች ነን፤ ያለን ሁለት ክፍልና የሚያፈስ ጣሪያ ነው። እኛ ዘንድ አለቃ የለም። እያንዳንዱ ጽሑፍ ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ ስድስታችንም እጃችንን ካላወጣን አይታተምም። በዚህ ሥርዓታችን ስንኮራ ብታዪን!

ከሁለት ወር በፊት ከልብስ ስፌት ፋብሪካ የተባረሩ አሥራ አንድ ሴቶች ክስ መሠረቱ። አንዷ ቢሯችን ድረስ መጥታ፣ ከችሎቱ ቀን በፊት አውጡልን፣ ሰው ካወቀልን ዳኛውም በቀላሉ አያልፈንም ብላ ለመነችን። አንዲት ባልደረባችን ታሪካቸውን ጥርት አድርጋ ጻፈችው። ሲነበብ አምስት እጅ ወጣ። አንድ ቀረ።

እታለሜ፣ የቀረው የእኔ ነው። ስሜት ብቻ ነው፣ ትንታኔ ይጎድለዋል አልኩ። ሦስት ሳምንት አከራከርኳቸው። አንቺ ጣትሽን በመርፌ እየተወጋሽ ያስተማርሽኝ ሰው፣ ስለ ልብስ ሰፊዎች ላስተምር ተነሣሁ! እኛ ስንጨቃጨቅ የችሎቱ ቀን ደረሰ፤ አዳራሹ ባዶ ነበር አሉ፤ ሴቶቹ ተረቱ። በመጨረሻ ትንታኔ ሲጨመርበት እጄን አወጣሁ፤ መጽሔቱ ግን የወጣው ከችሎቱ በአራተኛው ቀን ነው። ትንታኔው ግሩም ሆኗል፤ ምን ያደርጋል!

ያቺው ሴት ከሳምንት በኋላ መጣች። ልትሰድበን መስሎኝ ነበር፤ ምነው በሰደበችን! መጽሔቱን ገለጥ ገለጥ አድርጋ የወጣውን ፎቶዋን አየችና፣ እናቴ ደስ ይላታል ብላ፣ የጽዳት ሥራ ይኖራችሁ እንደሆን ጠየቀች። ለዚህስ ስብሰባ አላስፈለገንም፤ በማግስቱ ጀመረች። አሁን ጠዋት ጠዋት በጠረጴዛዬ ሥር ስትጠርግ፣ ጋሼ እግርዎን ትንሽ ትለኛለች። አነሣለሁ። ብዕር ማንሣት ግን አስጠልቶኛል፤ ለማን ብዬ እንደምጽፍ ጠፍቶብኛል።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ይህን ግን አታንብቢላት። ባልሽን ጤና ይስጥልኝ በይልኝ። መንታ ልጆችሽን ጉንጫቸውን እስኪቀላ ሳሚልኝ።

ሴትዮዋ እጁን የከለከላት ማን እንደሆነ እስካሁን አታውቅም። በየቀኑ ልነግራት እነሣና ስለሚያፈሰው ጣሪያ አውርቼ እተወዋለሁ። ፊቷን ማየት ስለፈራሁ ነው፣ እታለሜ፣ መናገሩን በአንቺ የጀመርኩት።

ታናሽ ወንድምሽ
ከመጽሔቱ ቢሮ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን