የወይዘሮ ሸዋዬ ባሕር ዛፍ በኮሚቴው ባነር ላይ

ለተከበሩ አቶ እንደሻው ገብረ መድህን
የደጋ ምርቶች ባዛር አዘጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ
አሰላ

ዕድሜና ጤናዎ እንደ ባዛሩ መክፈቻ ንግግርዎ ይርዘምልን።

ያ ንግግር አልቆ፣ ባነሩን የሸፈነው ጨርቅ ሲወርድ እኔም ከሕዝቡ ጋር ማጨብጨብ ጀምሬ ነበር። እጄ አየር ላይ የቀረው፣ ከእናቴ ጓሮ ሆኜ የሣልኩት የጭላሎ ተራራ «የኮሚቴው የጋራ በሶ» ከሚል ጽሑፍ በላይ ታትሞ ሳየው ነው። እርስዎም ሥዕሉን ዘንድሮ የኮሚቴው ዲዛይነር እንደሠራው በኩራት አበሰሩን።

ደብዳቤዬ ለሁሉም ግልጽ ነውና፣ ለማያውቁን አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ። እናቴ ወይዘሮ አሰፋች ገብስ እየቆላች በሶ ታስፈጫለች። ማርኬቲንግ ተምሬ ስመለስ፣ በከተማችን ሱቆች የሁሉም ሰው በሶ በአንድ ዓይነት ነጭ ፌስታል ታስሮ፣ የማን የማን እንደሆነ አይለይም ነበር። የእኛ እንዲለይ «ጓሮ በሶ» የሚል ስም አወጣሁለት፤ ከወጥ ቤታችን ኋላ የሚታየውን ተራራ ሥዬ ማሸጊያው ላይ አሳተምኩ፤ ሱቅ ለሱቅ እየዞርኩ አስቀመስኩ። ቀስ በቀስ ሰው ስሙን ቢረሳ እንኳ «ያንን ተራራ ያለበትን ስጪኝ» ማለት ጀመረ። እርስዎ ለወጣቶች በሰጡት ሥልጠና ብራንድ ያሉት ይህንኑ ይመስለኛል። አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፣ በባዛሩ ቦታ ለማግኘት ናሙና አምጪ ተብዬ ያስረከብኩትን ማሸጊያ በጥንቃቄ ስለያዙልኝ አመሰግናለሁ። ከሥዕሉ ላይ አንዲት መስመር እንኳ አልጠፋችም።

ሁለተኛ፣ ገበያው እንዳይደናገር አስበው፣ ሥዕሌን እኔው እንድቀይር ስላዘዙኝ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ገበያው በእርግጥ ተደናግሯል። ኢተያ መናኸሪያ አጠገብ ሱቅ ያላት ፈይሩዛ፣ ደንበኞቿ የኮሚቴውን አስመስሎ የሚሸጠው ማነው እያሉ ቢያስቸግሯት፣ ነገሩ እስኪጠራ ብላ፣ ይቅርታ እየጠየቀችኝ የእኛን በሶ ከመደርደሪያዋ አውርዳለች። ሌሎቹ ባለሱቆች ይቅርታውንም አልጠየቁ። እናቴ አሁን ገብስ መቁላት አቁማ፣ ሰው በመጣ ቁጥር እኛ እንዳልሰረቅን ታስረዳለች።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ለመልስዎ ነው። ቢሮዎ መጥቼ አቤት ስል፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ልጄ፣ ተራራው እኮ የሁላችንም ነው» አሉኝ። እውነትዎን ነው። ጭላሎን የፈለገ ሰው በፈለገው በኩል ይሣለው። ነገር ግን ከተራራው በስተግራ የቆመው፣ አናቱ ጎበጥ ያለው ባሕር ዛፍ የሁላችንም አይደለም፤ የጎረቤታችን የወይዘሮ ሸዋዬ ነው። ዛፉና ተራራው እንደዚያ ጎን ለጎን የሚታዩት ከወጥ ቤታችን ኋላ ሲቆሙ ብቻ ነው፤ ዲዛይነርዎ እዚያ ቆሞ ሲሥል ደግሞ ያየው ሰው የለም፣ ውሻችንም አልጮኸበትም። ከሁሉ የሚደንቀው ግን፣ ወይዘሮ ሸዋዬ ያንን ዛፍ፣ እኔ ከሣልኩት በኋላ፣ አምና አስቆርጠው አጥር አሳጥረውበታል። አምና የተቆረጠ ዛፍ ዘንድሮ ቆሞ የሚታየው ባለሙያ ስላገኙ እንኳን ደስ አለዎት።

እንግዲህ ትዕግሥትዎን ሳላደክም ልጨርስ። ከእንግዲህ የራሴን ሥዕል እንድቀይር መታዘዝን አልቀበልም። እናቴ በገዛ በሶዋ ስትጠረጠር ዝም ብዬ ማየትን አልቀበልም። ባነሩ ሳይወርድ፣ የሥዕሉ ባለቤት ማን እንደሆነች በዚያው መድረክ፣ በዚያው ድምፅ ማጉያ ሳይነገር፣ በሽማግሌ የሚመጣ እርቅንም አልቀበልም። «ልጄ» መባልን ደግሞ ከእናቴ በቀር ከማንም አልቀበልም።

ሳይነገራት የኮሚቴዎ ዲዛይነር ሆና ያገለገለችው፣
ኤፍራታ ዘሪሁን
የጓሮ በሶ ባለቤት

«አድርሺልኝ» ስላሉኝ የተጨመረ፦ ወይዘሮ ሸዋዬ የከበረ ሰላምታ ያቀርቡልዎታል። ዛፋቸው እርስዎ ዘንድ አሁንም ቆሞ እንደሚገኝ ስነግራቸው በጣም ተደስተዋል። አጥራቸው አንድ ቋሚ ስለጎደለው፣ መጥረቢያ ይዘው መጥተው እንዲቆርጡት ይፈቅዱላቸው ዘንድ በትሕትና ይጠይቃሉ።