ስድስቱን ስምንት ነው ብለው እርስዎ ይንገሯት

ለተከበሩ የፈተና ዝግጅትና ምዘና ክፍል ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እጅ ነስቼ አቀርባለሁ። ጤናዎ እንደምን ከርሟል? እንቅልፍዎስ? ዓይንዎስ ደህና ያያል? ስለ ዓይንዎ አጥብቄ የምጠይቅበትን ምክንያት ወደ ታች ዝቅ ሲሉ ያገኙታል። እኔ የአራተኛ «ሀ» የሒሳብ መምህርት ነኝ፤ እርስዎ ባያውቁኝም፣ ፊርማዎን በየሰርኩላሩ ግርጌ ሳየው ስለኖርኩ ዘመዴ እስኪመስሉኝ ለምጄዎታለሁ፤ ስለዚህ የሆዴን ባጫውትዎ አይቀየሙኝም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

የአራተኛ ክፍል ልጆች ዙሪያ፣ ስፋትና ግራፍ ምን ያህል እንደገባቸው ለመመዘን ክፍልዎ በዚህ ዓመት ማብቂያ ላዘጋጀው ፈተና ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ወረቀት ለመቆጠብ ሲባል፣ ሁለቱ ገጽ በአንድ ገጽ እንዲገባ ተደርጎ በእናንተው ፎቶኮፒ ማሽን አንሶ መባዛቱም አስተዋይነትዎን ያሳያል። ምስጋናዬ ግን እየቆየ ወደ ቅሬታ የሚያደላ ሆኖ ስላገኘሁት፣ እንዳላደክምዎ በቁጥር አድርጌ አቅርቤዋለሁ።

አንደኛ፦ የመጀመሪያው ጥያቄ ልጆቹ ከታች የተሳለውን ሬክታንግል በማስመሪያ ለክተው ዙሪያውንና ስፋቱን እንዲጽፉ ያዛል። ሬክታንግሉ እርስዎ ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ሲሳል ርዝመቱ ስምንት፣ ወርዱ አራት ሳንቲ ሜትር ስለነበር፣ የመልስ ቁልፉ ዙሪያው 24 ሳንቲ ሜትር፣ ስፋቱ 32 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው ይላል። ማሽኑ ግን የታዘዘውን ፈጽሞ ሁሉንም ነገር አሳንሶታልና፣ ልጆቹ እጅ የገባው ሬክታንግል ስድስት በሦስት ነው። ይህንን ለክቶ የሚያሰላ ሰው፣ ልጅ ይሁን ሽማግሌ፣ ለዙሪያው 18 ሳንቲ ሜትር፣ ለስፋቱም 18 ካሬ ሳንቲ ሜትር ያገኛል።

ከተማሪዎቼ መካከል ማስመሪያዋን ከእጇ ስለማትለይ ጓደኞቿ «እሜቴ ማስመሪያ» የሚሏት አንዲት ልጅ አለች። እሜቴ ማስመሪያ ለካች፣ አሰላች፣ ሁለቱንም 18 ከነመለኪያቸው አሳምራ ጻፈች። አራሚዎ ሁለት 18 ጎን ለጎን ሲያዩ ጊዜ ሳያባክኑ በቀይ እስክሪብቶ «ዙሪያና ስፋትን አትለይም» ብለው ፈረዱባት። ወይ ጉድ! ይህች ልጅ እኮ የክፍላችንን ወለል ስንት ንጣፍ እንደሸፈነው ለማወቅ በዴስኮቹ ስር ተሽሎክሉካ ቆጥራ፣ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ማስቲካ ጉልበቷ ላይ ተለጥፎባት የወጣች ናት። ከዚያም ግድግዳ ግድግዳውን በገመድ ዞራ፣ ገመዱ ዙሪያው፣ ንጣፉ ስፋቱ መሆኑን ለጓደኞቿ ስታስረዳ እኔ ወንበሬ ላይ አረፍ ብዬ ነበር የማዳምጣት። ደሞዜን ለእሷ ማካፈል ነበረብኝ።

ሁለተኛ፦ ለግራፉ ጥያቄ ልዩ አድናቆት አለኝ። ተማሪዎች በእግር፣ በአውቶቡስና በብስክሌት እንደሚመጡ የሚያሳይ ባለዓምድ ግራፍ ተሰጥቶ፣ ቀዩ ዓምድ ከሰማያዊው በስንት እንደሚበልጥ ይጠይቃል። ማሽንዎ ግን ከጥቁር በቀር ሌላ ቀለም ስለማያውቅ ሦስቱም ዓምዶች አመድ መስለው ነው የደረሱን። ሌሎቹ ልጆች ያሻቸውን ሁለት ዓምድ መርጠው ቀነሱ፤ ለአንዳንዱም ዕድል ቀናው። እሜቴ ማስመሪያ ግን ያላየችውን አልጽፍ ብላ፣ በመልሱ ቦታ «ሁሉም ግራጫ ናቸው» ብላ ጻፈች። በፈተናው ላይ ከሰፈሩት ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ ሙሉ በሙሉ እውነት የሆነው ይህ ብቻ ይመስለኛል፤ ዜሮ ተሰጥቶታል።

ሦስተኛ፦ በልኬትና በግራፍ የወደቀ ተማሪ ክፍል ይደግማል የሚለው አዲሱ መመሪያዎ ጥራትን ለማስጠበቅ እንደወጣ አልጠራጠርም። በዚህ መመሪያ መሠረት እሜቴ ማስመሪያ አራተኛ ክፍልን ትደግማለች። መንትያ እህቷ ግን አምስተኛ ትገባለች፤ እሷ የምትማረው በጎረቤቴ መምህር ክፍል፣ በአራተኛ «ለ» ነዋ! ጎረቤቴ የልብዎን የሚያውቅ ሰው ነው። ክፍልዎ ጥያቄ መቀየር እንደማይወድ ስለተረዳ፣ ያምናውን ፈተና አውጥቶ ልጆቹን «24፣ 32» እያሰኘ እንደ መዝሙር ሲያስጠናቸው ከረመ። በፈተናው ቀን በአራተኛ «ለ» ማስመሪያ ከቦርሳው ያወጣ አንድም ልጅ አልነበረም፤ ሁሉም አለፉ። ለጎረቤቴም የምስጋና ወረቀት ልካችሁለት ግድግዳው ላይ ሰቅሎታል፣ በእኔ በኩል ባለው ግድግዳ።

ደሜ ፈልቶ ቢሮዎ ድረስ መጣሁ። እርስዎ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ የምዘና ባለሙያዎ ተቀበሉኝ፤ እጅግ ትሑት ሰው ናቸው፣ ወንበር ጎትተው አስቀመጡኝ። ወረቀቱን ጠረጴዛቸው ላይ ዘርግቼ ማስመሪያ አሳረፍኩበት። ጎንበስ ብለው አዩ፤ ስድስት መሆኑን አመኑ። እሰይ፣ ነገሩ አለቀ ብዬ ቦርሳዬን አንጠለጠልኩ። እሳቸው ግን የመልስ ቁልፉ አንዴ ከጸደቀ እንደማይነካ፣ ልጅቷም ስድስቱን ስምንት እንደሆነ አድርጋ መውሰድ እንደነበረባት በለሰለሰ አንደበት አስረዱኝ። ወረቀቴን አጥፌ ወጣሁ። አራተኛ ቅሬታም ነበረኝ፣ ደረጃውን ስወርድ ጠፋኝ።

ክቡር ሆይ፣ ውጤቱ የተነገረ ዕለት ልጅቷ የጠረጠረችው እናንተን እንዳይመስልዎ። ማስመሪያዋን ነው። ተበላሽቶብኛል ብላ የእህቷን ተውሳ ለካች፤ ያው ስድስት ሆነባት። ወደ እኔ መጥታ ሰሌዳ ላይ የማሰምርበትን ትልቁን የእንጨት ማስመሪያ ለመነችኝና ወረቀቱን መሬት አንጥፋ፣ ተንበርክካ እንደገና ለካች። ከዚያ በኋላ ራሷን መጠርጠር ጀመረች፤ ስፋት ማለት ምን ማለት እንደሆነ እንድነግራት ጠየቀችኝ። እኔን ያስተማረችኝ ልጅ! እናቷ እንዳጫወተችኝ፣ ጠዋት ጠዋት ከእህቷ ጋር ትምህርት ቤት መምጣት ትታለች፤ አንዷ ቀድማ ትወጣለች፣ ሌላዋ መንገዱ ጭር እስኪል ትጠብቃለች። በአንድ አልጋ የሚተኙ ልጆች ናቸው።

በመጪው ሐሙስ ድጋሚ ፈተና ስለፈቀዱላት እግዜር ይስጥልኝ። ፈተናው ያው ነው፣ ማሽኑም ያው ነው፣ የመልስ ቁልፉማ አይነካም። በላኩልኝ ደብዳቤ ተማሪዋን በሚገባ እንዳዘጋጃት ታዝዣለሁ። ትእዛዝዎን ለመፈጸም ብዙ አሰብኩ። ልኬትን ደግሜ ባስተምራት የበለጠ አጥርታ ትለካና የበለጠ አጥርታ ትወድቃለች። የምታልፍበት መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ማስመሪያሽን ቤት ትተሽ ነይ፣ ዓይንሽ ያየውን ተይው፣ 24 እና 32 ብለሽ ጻፊ ብላት ነው። ይህንን ካልኳት አምስተኛ ክፍል ትገባለች። ካላልኳት እህቷን በመስኮት እያየች አራተኛን ትደግማለች። ሦስት ቀን ሙሉ ልነግራት ዴስኳ ድረስ እየሄድኩ፣ ደብተሯን አርሜ ብቻ ተመለስኩ።

ስለዚህ አንዲት ትንሽ ልመና አለችኝ። ረቡዕ ጠዋት ጎራ ይበሉና እርስዎ ራስዎ ይንገሯት። የምትቀመጠው በመስኮቱ በኩል ካለው ፊተኛው ዴስክ ነው። ማስመሪያ አይያዙ፣ እሷ ታውስዎታለች። ሬክታንግሉን አብራችሁ ለኩ፤ ስድስት መሆኑን አብራችሁ እዩ፤ ከዚያ ዓይን ዓይኗን እያዩ ስምንት ነው ይበሏት። ለምን ብላ መጠየቋ አይቀርም፣ አመሏ ነው። መልሱን ይዘው ይምጡ፤ የመልስ ቁልፉ ላይ ፈልጌ አጥቼዋለሁ።

ወረቀትዎ እንዳያልቅ፣ ማሽንዎ እንዳይደክም፣ ዓምዶችዎም አንድ ቀን ቀለም እንዲያዩ ከልብ እየተመኘሁ፣

እርስዎን ከማክበር ያልቦዘነች፣
የአራተኛ «ሀ» የሒሳብ መምህርት

ግልባጭ፦
ማስመሪያ ላለው ሁሉ

ማሳሰቢያ፦ ይህንን ደብዳቤ ጸሐፊዎ ተባብራኝ በክፍልዎ ማሽን አባዝቼዋለሁ። ፊደሉ አንሶ ማንበብ ካቃተዎት፣ ትልቅ እንደሆነ አድርገው ይውሰዱት።