የጎነቆለው ስንዴ

ቅዳሜ፣ ጥር 14 ቀን 1980 ዓ.ም.
ገርጂ

ከቀበሌ ሱቅ የተሰጠንን ስንዴ ስለቅም ዋልኩ። ግማሹ ጠጠርና እንክርዳድ ነው። ይሄም ለሰው ይሰጣል እያልኩ ሳጉረመርም የባለቤቴ የተሾመ አባት መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ተሾመ ከዘመተ ወዲህ ብቻቸውን እንዳይሆኑ ብዬ ከአርሲ ያመጣኋቸው እኔ ነኝ። “መቼ ነው አገሬ የምትመልሺኝ?” ከማለት በቀር ብዙም አያወሩም።

አንድ እፍኝ ስንዴ አንስተው መዳፋቸው ላይ ዘረጉና ጫፉ ጎንቆል ያለ ፍሬ አሳዩኝ።

“ደርሶ ሳይታጨድ ዝናብ አግኝቶታል” አሉ።

“ስንፍና ነው እንጂ አባባ፣ በጊዜ ቢያጭዱት ምን ነበረበት?”

ጠጠር እየለቀሙ ቆዩ።

“የደረሰ አዝመራ እያየ የሚተኛ ገበሬ የለም፣ ልጄ። የሚያጭድለት አጥቶ ነው። ልጆቹ ዘምተውበት ይሆናል።”

የተሾመ ደብዳቤ ከደረሰን አራት ወር አልፏል።

ለዶሮ ብዬ ለይቼ ያስቀመጥኩትን የጎነቆለ ስንዴ መልሼ ሰፌዱ ላይ ደፋሁት። አባባ አዩኝ። ሰፌዱን ወደ መሀላችን ሳብ አደረጉትና ጀንበር እስክታዘቀዝቅ አብረን ለቀምን። ስንነሳ ልብሳቸውን እያራገፉ፣ “የመጪው ወር ሲሰጥሽም ጥሪኝ፣ ብቻሽን አትልቀሚ” አሉኝ።

ትናንት፣ “ነገውኑ አገሬ ልሂድ” ሲሉኝ የነበሩት እሳቸው ናቸው።