ሞሲሳ የፈረመበት ቅጽ

ጥቅምት 5 ቀን 1980 ዓ.ም.፣ ዓርብ

የዘጠነኛ ሀን የፊዚክስ ፈተና አርሜ ጨረስኩ። ግማሹ ክፍል አየር በሌለበትም ድምፅ ይሄዳል ብሎ ጽፏል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ለማን ነበር ያስተማርኩት?

ከሰዓት ሞሲሳ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ወረቀት አስቀመጠ። የታሪክ መምህር ነው፣ ዘንድሮ ከጊንጪ ወደ አምቦ ተዛውሮ የመጣው። ብዙ አያወራም። ወረቀቱ ከአዲስ አበባ የመጣ የውድድር ማስታወቂያ ነው። "ከዚህ በፊት ያልተሞከረ አዲስ ሙዚቃ" ይላል። ላሸነፈ፣ ሥራው መድረክ እስኪወጣ ድረስ ወጪው ሁሉ ይሸፈንለታል።

"ድንቅቱ፣ ያንቺን ጠርሙሶች ላኪላቸው" አለኝ።

ስለ ጠርሙሶቼ ማን ነገረው?

ጥቅምት 6፣ ቅዳሜ

ጉደር ዋልኩ። ኦቦ ፉፋ የገበሬ ማኅበሩን ወፍጮ ነው የሚያንቀሳቅሰው፤ ከሰዓት ሞተሩን ሲያጠፋ እዚያ እንሰበሰባለን። እነሱ ስድስት፣ እኔ ሰባተኛ። ድሮ አብረን የዘመርን ነን። ቤተ ክርስቲያናችን በመንግሥት ከታሸገ ወዲህ መዝሙር ቀረ፣ ጠርሙስ መንፋት ጀመርን። የአምቦ ውሃ ጠርሙስ... ውስጡ ውሃ ሲጨመርበት ድምፁ ይቀጥናል። አሁን ሃያ አራት አሉን። የምናወጣው ድምፅ ከአራቱ ቅኝት በአንዱም አይገባም። ድምፃቸው ሊገጥም ትንሽ የቀረው ሁለት ጠርሙሶች አብረው ሲነፉ አየሩ ይርገበገባል፣ ጥርሴ ድረስ ይሰማኛል።

ስለ ውድድሩ ነገርኳቸው። ጤና ጣቢያ የምትሠራው ደስታነሽ ወዲያው "እንላካ!" አለች። ኦቦ ፉፋ ዱቄቱን ከክንዱ እያራገፈ ቆየና፣ "ያልተሞከረ ነገር ደስ የሚለው መንግሥት አይቼ አላውቅም። ዲሲ፣ ተዪው ልጄ" አለኝ፣ ኦሮምኛና አማርኛ ቀላቅሎ።

ጥቅምት 9፣ ማክሰኞ

ቅጹን ደጋግሜ አነበብኩት። ሙዚቃ የት ተማሩ? የተሳታፊዎች ሙሉ ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ... ለሙዚቃ ቀበሌ ምን ያደርግለታል? ከታች ደግሞ "ሰዎቹን በሚገባ አውቃቸዋለሁ" ብሎ የሚፈርም ምስክር ያስፈልጋል።

የታሸገ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን፣ በስም ዝርዝር፣ በራሴ እጅ ተጽፈው። ከዚህ የበለጠ ምን ይፈልጋሉ?

ጥቅምት 11፣ ሐሙስ

ሞሲሳ ከትምህርት በኋላ ወደዚያ ቢሮ ሲገባ አየሁት። በሩ ላይ ጽሑፍ ወደሌለው፣ ሁላችንም ስሙን ወደማንጠራው። ዘበኛው ማነህ እንኳ አላለውም። እንደ ቤተኛ ገባ።

ጥቅምት 18፣ ሐሙስ

ዛሬም ገባ። በዚያው ሰዓት።

ጥቅምት 19፣ ዓርብ

"ሞላሽው?" አለኝ።

"ገና ነው።"

"ሰኞ ነው እኮ የመጨረሻው ቀን። እንዳያመልጥሽ።"

እሱን ምን አስጨነቀው?

ጥቅምት 21፣ እሁድ

መተው ነበረብኝ። ግን ትልቅ አዳራሽ ውስጥ፣ መቶ ጠርሙስ ባንድ ላይ... አንድ ጊዜ ብቻ ብሰማው።

ሞላሁት። ሙዚቃ የት ተማሩ? "በራሴ።" ስድስት ስም ከአየር ላይ ፈጠርኩ። ቀበሌያቸውንም ዕድሜያቸውንም ፈጠርኩ። የቀዳነውን ካሴት አብሬ አሸግሁት። ምስክሩ ራሱ ሞሲሳ ይሁን። ጉድጓዱን የማሰው እሱ አይደል? ይግባበት።

ጥቅምት 22፣ ሰኞ

ስሞቹን ከላይ እስከ ታች በጣቱ እየተከተለ አነበበ። ቀና ብሎ አየኝ። ፈረመ።

"ይቅናሽ" አለኝ።

ማን ናቸው ብሎ አልጠየቀም። ለምን አልጠየቀም?

ታኅሣሥ 5፣ ማክሰኞ

ደብዳቤ መጣ። የመጀመሪያውን ዙር አልፈናል! ዳኞቹ በጥር አምቦ ድረስ መጥተው ይሰሙናል። ደስታዬ አንድ መስመር አልቆየም... "ተሳታፊዎች የቀበሌ መታወቂያቸውን ይዘው እንዲቀርቡ።" ግልባጩ ለከተማው አስተዳደር ተልኳል።

ታኅሣሥ 9፣ ቅዳሜ

ወፍጮ ቤት ሁሉንም ተናዘዝኩ።

"ምስክርሽ ማነው?" አለ ኦቦ ፉፋ።

"ሞሲሳ።"

"የሌሉ ሰዎችን አውቃለሁ ብሎ ፈረመልሽ? ምን በድሎሽ ነው?"

ሐሙስ ሐሙስ የት እንደሚገባ ነገርኳቸው። ደስታነሽ ፊቷ ተለዋወጠ።

"አለሁ ብሎ ሊፈርም ነው የሚገባው! ሦስት ዓመት ታስሮ የተፈታ ሰው ነው። ጊንጪ እያለም ይፈርም ነበር። በእስር የተጎዳ እግሩን የማክመው እኔ ነኝ። ስለ ጠርሙሶቹም የነገርኩት እኔ ነኝ፣ ደስ ይበለው ብዬ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"መቼ ጠየቅሽኝ?"

ታኅሣሥ 14፣ ሐሙስ

ይቅርታ ልጠይቀው ከትምህርት በኋላ ከዚያ ቢሮ ማዶ ቆምኩ። ገባ። እስኪመሽ ጠበቅኩ። አልወጣም።

ታኅሣሥ 15፣ ዓርብ

ተማሪዎቹ ያለ መምህር ይንጫጫሉ። ምሳ ሰዓት ላይ ሚስቱን ጉዴን አየኋት። የምግብ ሳህን በጨርቅ ቋጥራ ከዚያ በር ፊት ቆማለች። አንገቴን ደፍቼ አለፍኳት።

ይህንንም ልጻፈው። አለፍኳት።

ታኅሣሥ 16፣ ቅዳሜ

በጠዋት ጉደር ሄጄ እዚያ ቢሮ ብቻዬን ገብቼ እውነቱን ልናገር ነው አልኳቸው። ኦቦ ፉፋ ወፍጮውን ቆለፈ። "የኛን ስም አንቺ አታስገቢም። ራሳችን እናስገባለን።" ስድስቱም መታወቂያቸውን ይዘው አብረውኝ መጡ።

መጀመሪያ እኔን አስገቡኝ። የቢሮው ሰው የውድድሩን ቅጽ ፊቱ ዘርግቶታል።

"የውሸት ስሞቹን የጻፍኩት እኔ ነኝ። እሱ እኔን አምኖ ነው የፈረመው።"

"ለምን ዋሸሽ?"

"ፈርቼ።"

"ማንን?"

"ሞሲሳን" አልኩት። "የናንተ ሰው መስሎኝ።"

"የኛ?" አለና ሳቀ። ዘበኛው ብቅ ብሎ እስኪያይ ድረስ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ከዚያ ስድስቱን ተራ በተራ ጠርቶ ጻፋቸው። የት ትሰበሰባላችሁ? ወፍጮ ቤት። ምን ልትሠሩ? ጠርሙስ ልንነፋ። ወደ ማታ ለቀቀን።

ታኅሣሥ 18፣ ሰኞ

ሞሲሳን ፈቱት። ነገ ሥራ ይገባል አሉ።

ታኅሣሥ 19፣ ማክሰኞ

መምህራን ክፍል ብቻችንን አገኘሁት። "ስሞቹ ውሸት መሆናቸውን አውቀህ ነበር?"

"አንድ ቀበሌ ጽፈሻል፣ አምቦ ውስጥ የሌለ።"

"ታዲያ ለምን ፈረምክ?"

"ሰዎቹን የደበቅሽው ልታድኛቸው መስሎኝ። እኔን ወጥመድ ልታስገቢኝ መሆኑን አላወቅኩም።"

ደብተሩን ይዞ ወጣ።

ጥር 13፣ ዓርብ

ዳኞቹ መጡ። ሦስት ሰዎች፣ አንዱ ሽማግሌ። ሽማግሌው መሐል ላይ ተነሥቶ በነፊዎቹ መካከል ይዞር ጀመር፣ ጆሮውን ወደ እያንዳንዱ ጠርሙስ እያስጠጋ። ስንጨርስ ያለው ይሄን ብቻ ነው፦ "እንደገና ልትነፉልኝ ትችላላችሁ?"

ስለ ቤተ ክርስቲያን የጠየቀ የለም። ውድድሩ ውድድር ብቻ ነበር።

ጥር 16፣ ሰኞ

የሞሲሳ የዝውውር ደብዳቤ መጣ። ወደ ባኮ፣ በዓመቱ እኩሌታ፣ "ለሥራው ቅልጥፍና"። ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተና ክፍሉ ገባ።

የካቲት 19፣ ቅዳሜ

አሸነፍን። መቶው ጠርሙስ፣ አዳራሹ፣ ሁሉም... ደብዳቤውን ይዤ በመጀመሪያው አውቶቡስ ባኮ ወረድኩ። ሙቀቱ አይቻልም። ጉዴ በሩን ከፈተችልኝ፣ ወንበር ሰጠችኝ፣ የተቀቀለ በቆሎ አቀረበች። አንድ ቃል አልተናገረችም። ያን ዓርብ አይታኝ ነበር ማለት ነው።

ሞሲሳ ደብዳቤውን አነበበ። "ይገባችኋል" አለ። ስለ ተማሪዎቹ ጠየቅኩት፣ መለሰልኝ። ስለ እግሩ ጠየቅኩት፣ እዚህ ስለማይበርድ ይሻለዋል።

እያነከሰ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘኝ። መኪናው ሊነሣ ሲል እንደምንም አፌን ከፈትኩ።

"ይቅር ብለኸኛል?"

ረዳቱ "አምቦ! አምቦ!" እያለ ይጣራል።

"ገና ነኝ" አለ። "አንቺ ግን መምጣትሽን አትተዪ።"